አሥረኛው ቁራሽ

ልጄ ሶፊ ስለ እኔ ቃል ባትገባ ኖሮ ጃንጥላችን እስከ ጦር ኃይሎች ባልሄደ ነበር።

የአይሁድ እምነት ማኅበራችን ትንሽ ነው። ቀራንዮ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ አንድ ግቢ ተከራይተናል፤ በግቢው ያለችው የቆርቆሮ አዳራሽ ጸሎት ቤታችን ናት። ቅዳሜ ሰንበትን እናከብርባታለን፣ እሑድ ደግሞ ልጆቻችን ኦሪትና ዕብራይስጥ ይማሩባታል። ዘንድሮ መምህራችን ወንድዬ አንድ አዲስ ነገር አመጣ። ልጆች ብቻቸውን አይማሩም፣ ወላጅም አብሮ ይቀመጥ አለ። «ልጅ እዚህ የተማረውን ቤቱ ሄዶ ካላየው፣ ትምህርቱን እንደ ጫማ በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው» አለን። ስለዚህ እኛ እናቶች በየእሑዱ በልጆቹ አግዳሚ ላይ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ እንቀመጣለን። አባቶች ሥራ አለብን ይላሉ።

መምህር ወንድዬ በዕድሜ ከታናሽ ወንድሜ ያንሳል። መነጽር ያደርጋል፣ ቁጣ አያውቅም። በአንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። አንድ ልጅ ቆሞ ሲያነብ አንድ ቃል ቢያስቸግረው ማንም አይነግረውም። ልጁ እርዳታ ከፈለገ ጣቱን ያነሳል፤ ያኔ ክፍሉ ሁሉ ባንድ ድምፅ ቃሉን ይነግረዋል። ጣቱን እስካላነሳ ግን ጣሪያው ቢወድቅም ዝም ነው። ልጆቹ ይህን ሕግ ባንድ ቀን ለመዱት። ያስቸገርነው እናቶች ነን። በተለይ የኑሕ እናት፤ ልጇ ትንፋሽ ሲስብ እሷ ቃሉን ትጨርስለታለች።

«እማዬ፣ ጣቴን አላነሳሁም!» እያለ ኑሕ ወለሉን በእግሩ ይመታል።

ፋሲካችን ሲቃረብ መምህር ስለ እርሾ ፍለጋ አስተማረን። በዚያ ሳምንት የቦካ ነገር ሁሉ ከቤት ይወጣል፤ ዳቦም እንጀራም የለም፣ ቂጣ ብቻ ነው። ቤቱ ተጠርጎ ካለቀ በኋላ፣ በመጨረሻው ምሽት፣ ሻማ ተይዞ በየጥጉ የቀረ እርሾ ይፈለጋል። ፍለጋው ባዶ እንዳይሆን ደግሞ የቤቱ እመቤት አሥር ቁራሽ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ አስቀድማ ትደብቃለች። ልጆች ፈልገው ያገኙታል። በመጨረሻም እመቤቲቱ፣ ሳላየው የቀረ እርሾ ካለ እንደሌለ ይቆጠር የሚል ቃል ታነባለች።

«ዘንድሮ በአንድ ሰው ቤት ሆነን በተግባር እንማረው። የማን ቤት እንሂድ?» አለ መምህር።

ሶፊ ከአግዳሚው ዘላ ተነሳች። «የእኛ ቤት! እናቴ ታነብልናለች! እናቴ ማንበብ ተምራለች!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ራሴ ሌላ የሶፊ እናት ካለች ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ባለ ትምህርት ቤት ማታ ማታ የጎልማሶች ትምህርት እማራለሁ። ፊደሉን ለይቼዋለሁ። ፊደሎቹ ተደርድረው ቃል ሲሆኑ ግን ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ዓለም ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ የሱቅ ሰሌዳ ማንበብ ስጀምር «ፋር» ብዬ «ማሲ» ሳልል ሱቁ ኋላ ይቀራል። «እየተማረች ነው» ከሚለው እስከ «ተምራለች» ያለው መንገድ ከጦር ኃይሎች እስከ ቤቴል ካለው ይርቃል፣ ያውም በሥራ መውጫ ሰዓት። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት መምህር ስሜን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፎ ጨርሷል። «ትርንጎ» ይላል። እሱን እንኳ ወዲያው አነበብኩት።

ወደ ቤት ስንሄድ እጇን ያዝኩና፣ «ሶፊዬ፣ ለምን እንዲህ አልሽ?» አልኳት።

«ኑሕ እናትሽ ማንበብ አትችልም ሲለኝ ነዋ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ካንተ እናት ትበልጣለች አልኩት። እማ፣ ታነቢያለሽ አይደል?»

ምን ልበላት? «አነባለሁ» አልኩ።

ባለቤቴ በዛብህ ከአየር ጤና ቤቴል ሚኒባስ ይነዳል። ጭንቀቴን ሲያይ፣ «እኔ ላንብበዋ፣ ምን ችግር አለው?» አለ። ሶፊ ዓይኗ እንባ ሞላ። እሱም ቁልፉን አንስቶ ወደ ሥራው ሄደ። ሚኒባስ የሚነዳ ሰው የሚሸሽበት አያጣም።

እኔ ግን አንድ መላ አገኘሁ። መምህር የሰጠኝ ወረቀት ሁለት ገጽ አለው። በአንዱ ገጽ ቃሉ በጥንቱ የአይሁድ ሊቃውንት ቋንቋ፣ ግን በእኛ ፊደል ተጽፏል፤ በጀርባው የአማርኛ ትርጉሙ አለ። በወጉ የሚባለው የጥንቱ ነው፤ መምህር ልጆቹ እንዲለማመዱት በድምፁ ቀድቶ በየወላጁ ስልክ ልኮታል። እኔም፣ ማንበብ ቢያቅተኝ መስማት አላቃተኝም አልኩ። ልብስ ሳጥብ፣ ሽንኩርት ስልጥ፣ ቤት ስጠርግ ስልኩን ጆሮዬ ሥር አድርጌ አብሬው እላለሁ። «ኮል ሐሚራ ቬሐሚኣ...» አንዲት ቃል አይገባኝም። ግን እንደ ውኃ ይወርድልኝ ጀመር። በዕለቱ ወረቀቱን ፊቴ ይዤ፣ ዓይኔን ከላይ ወደ ታች እያወረድኩ በቃሌ እወጣዋለሁ ማለት ነው።

ይህን ስለማመድ የሰማችኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበወርቅ ናት። እትዬ ዘነበወርቅ ድሮ ከከፋ መጥታ እዚሁ ቀራንዮ ያረጀች ነጋዴ ናት፤ የግቢው በር ላይ ሱቅ አላት። በልብስ ማጠቢያው ጎን ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ትርንጎ፣ ምን ነካሽ?»

«ጸሎት ነው እትዬ።»

«ጸሎትማ ይገባል እኮ! ይኼ የማይገባው ነው። ቅዳሜ ጠበል ልውሰድሽ። ውይ፣ ቅዳሜ አይሆንላችሁም፣ እሑድ እንሂድ።»

«ደህና ነኝ እትዬ። ስለ እርሾ ነው። ዳቦ ከቤት ስለ ማውጣት።»

«ዳቦ በዚህ ዘመን ከቤት እንዳይወጣ ነው እንጂ የሚጸለየው!» ብላ ራሷን እየነቀነቀች ሄደች።

ከእሷ ጋር በዚያው ሳምንት በዶሮም ተጋጭተናል። ለፍለጋው ፍርፋሪ መጥረጊያ ላባ ያስፈልጋል። እኔም የእሷን አውራ ዶሮ ጥግ አስይዤ አንዲት ላባ ስነቅል ጩኸቱን ሰምታ ከሱቋ ወጣች።

«ምነው ትርንጎ! በሁዳዴ ዶሮ ትነኪያለሽ?»

«ላባውን ብቻ ነው እትዬ።»

«ላባውም ይጾማል!» አለችኝ። ግን አልነጠቀችኝም።

ቀኑ ደረሰ። ሶፊ ትምህርት ቤት ሳለች አሥሩን ቁራሽ በወረቀት ጠቅልዬ መደበቅ ጀመርኩ። አማቴ እማማ ፈለቀች በር ላይ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። እማማ የሰሜን ሸዋ ሰው ናት። በልጅነቷ ወገኖቻችን እምነታቸውን ከመንደሩ ሰውረው ነበር የሚኖሩት። ይህን የዳቦ ነገር ከሰማች ጀምሮ አልተዋጠላትም።

«ቤት ይጠረጋል፣ እሺ። ጠርጎ ከጨረሱ በኋላ ዳቦ ደብቆ መፈለግ ምንድን ነው? ራሷ ሰርቃ ራሷ ሌባ እያለች የምትጮኽ ሴት አየሁ!»

«ለልጆቹ ትምህርት ነው እማማ።»

አንዱን ቁራሽ ፍራሽ ሥር ሳደርገው ሳቀችብኝ። «እዚያ? ያንን እኮ ዓይን የሌለውም ያገኘዋል። አንቺ ልጅ፣ እኛ ሰንበትን የሚያህል ነገር ከመንደር ሙሉ ሰው ደብቀን የኖርን ሰዎች ነን። አርብ ማታ እሳት ሳናነድ፣ ጎረቤት ጭስ አጥቶ እንዳይጠረጥር ቀን ጭድ አጭሰን እናድር ነበር። ከደበቅሽ ደህና አድርገሽ ደብቂ፤ ዘራችንን አታዋርጂ።»

ይህ ነገር ልቤ ገባ። ከፍራሹ ሥር አንስቼ አዲስ ቦታ ፈለግሁ። አንዱን በበዛብህ የሰንበት ጫማ ውስጥ፣ አንዱን ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ አንዱን የሶፊ አሮጌ ቦርሳ ውስጥ፣ እንዲህ እያልኩ ዘጠኙን ደበቅሁ። አሥረኛው ግን የመጨረሻው ነውና ክብር ይገባዋል ብዬ ቆሜ አሰብኩ። ሻማ የያዘ ሰው የሚያየው ጥግና ስንጥቅ ነው። ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ የበዛብህ ጥቁር ጃንጥላ ተሰቅሏል። ቤት ውስጥ ጃንጥላ የሚከፍት የለም። ቁራሹን በእጥፋቱ መካከል ሰደድኩና መልሼ ሰቀልኩት። እማማ ያን ጊዜ ፀሐይዋን ተከትላ ዱካዋን ወደ ግቢው አዙራ ነበርና አላየችኝም። እኔም አልነገርኳትም። በድብቅ ነገር ከእሷ መብለጤን ስታውቅ ፊቷን ማየት ፈልጌ ነው። ከዚያ ሻማ ልገዛና ሶፊን ላመጣ ወጣሁ።

ሲመሽ እንግዶቹ መጡ። ልጆቹ፣ እናቶቹ፣ መምህር ወንድዬ። ባለ ሁለት ክፍሏ ቤታችን እንደ ምሽት ታክሲ ጠበበች። አምፖሉ ጠፋ፣ ሻማው በራ፣ ላባውን ሶፊ ያዘች። ልጆቹ በየጥጉ ተበተኑ። ኑሕ ወዲያው ከበዛብህ ጫማ ውስጥ አንዱን አወጣና አሸተተው።

«መምህር፣ ይኼ ዳቦ ሳይሆን አይብ ነው!»

ሳቁ ሳያባራ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተገኘ፣ ከቦርሳው ተገኘ። ዘጠኙ በሰሃን ላይ ተደረደሩ። አሥረኛው ግን የለም። ፍራሹ ተነሳ። ሣጥኑ ተከፈተ። እማማን ከነዱካዋ አንስተው ሥሯን አዩ። «እኔ ቦክቼ ነው የምትፈልጉኝ?» አለች። አሥረኛው የለም። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ በልቤ ደስ እያለኝ ነው። ሻማው አጠረ። እናቶቹ እያዛጉ ሰዓት ማየት ጀመሩ።

«የሶፊ እናት፣ እጅ ሰጥተናል። ፍንጭ ይስጡን» አለ መምህር።

እማማን ከጎን እያየሁ፣ «ከበሩ ኋላ ነው» አልኩ።

ልጆቹ ተንጋግተው ሄዱ። ከዚያ የኑሕ ድምፅ መጣ። «ምስማር አገኘን!»

ሮጬ ሄድኩ። እውነትም ምስማሩ ባዶውን ቀርቷል።

«እማማ፣ ጃንጥላው የታለ?»

«ዘነበወርቅ ወሰደችው። ጦር ኃይሎች ዕቃ ላመጣ ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል አለች፤ ውሰጂ አልኳት።»

«መቼ?»

«አንቺ ሻማ ልትገዢ ስትወጪ።»

«ምነው ሳይነግሩኝ!»

«ጃንጥላ ተዋሱን ብዬ ልንገርሽ? አንቺስ ምን ውስጡ እንዳለ ነገርሽኝ?» አለች። ቀጥሎ የሆነውን ስትረዳ ግን ጥርስ የሌለው አፏ እስከ ጆሮዋ ተከፈተ። «ከጃንጥላው ውስጥ ነው የደበቅሽው? በሉ በዛብህ ይምጣና ይስማ! ደብቃ ደብቃ ከክፍለ ከተማው አስወጣችው!»

ለእትዬ ዘነበወርቅ ደወልን። ስልኩ ከግቢው በር ላይ፣ ከተዘጋው ሱቋ ውስጥ ሲጮኽ ሁላችንም ሰማነው።

ሳቁ ጋብ ሲል ሶፊ ቀሚሴን ያዘች። «እማ፣ እርሾ ጠፋብን ማለት ነው? ፋሲካችን ተበላሸ?» መምህርም ሰምቷት መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ስቆ ዓይኑ አልቅሷል። መነጽሩን መልሶ ሲያደርግ ግን ፊቱ ተቀይሯል።

«ልጆች፣ ኑ ተቀመጡ። በሌላ ቤት አሥሩም ይገኛል፤ ቃሉን ለወጉ ብለን እንለያያለን። ዛሬ ግን የሶፊ እናት እርሾ በእውነት ጠፍቷል። የእሳቸው ነው፣ ግን በእጃቸው የለም፣ ሄደው ሊያነሱትም አይችሉም። አባቶቻችን ይህን ቃል የሠሩት እንዲህ ላለ ሰው ነው። ሰው የሚችለውን ያህል ፈልጎ፣ የቀረውን በቃሉ ይለቀዋል። ፋሲካችን አልተበላሸም።»

እፎይ አልኩ። ወረቀቱን አንስቼ ፊቴ ያዝኩና ጀመርኩ። «ኮል ሐሚራ ቬሐሚኣ...» እስከ መጨረሻው፣ አንድም ቦታ ሳልደናቀፍ! የኑሕ እናት አፏን ይዛ ቀረች። ሶፊ አንገቷን አቀናች። እኔም ወረቀቱን ላጥፍ ስል መምህር እጁን ዘረጋ።

«በጣም ግሩም ነው! አሁን ደግሞ በአማርኛ።»

«አልኩት እኮ መምህር።»

«አዎ። ግን እርሾውን የሚለቀው ሰው የሚለው ሊገባው ያስፈልጋል፤ ሕጉ ነው። ለጨዋታ ቢሆን እተወው ነበር። እርስዎ ግን በእውነት የሚለቁት ነገር አለዎት።»

«ገብቶኛል።»

«ምን ይላል?»

«ዳቦ... ከቤት ስለ ማውጣት» አልኩ።

ልጆቹ ሳቁ። መምህር ወረቀቱን ገልብጦ በአማርኛው ገጽ ሰጠኝ። በጎልማሶች ክፍል የሚሰጡን ፊደል ትልልቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ጤፍ የፈሰሰ ይመስላል። ሻማው ይወዛወዛል። ሶፊ ካልሲዋን ማየት ጀመረች። ካልሲዋ ላይ ምንም የሚታይ ነገር የለም።

ጣቴን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አደረግሁ።

«በ... በእ... በእጄ...»

ጣቴን ገፋ አደረግሁ።

«በእጄ ያ... ያለ... እር... እርሾ። እርሾ ሁሉ።»

ላብ በጀርባዬ ወረደ። «የቦ... የቦካም... ነገር ሁሉ። ያ... ያላ...»

እዚህ ላይ ቆምኩ። አንድ ፊደል አየዋለሁ፣ እሱም ያየኛል፣ አንተዋወቅም። የኑሕ እናት ደግ ሰው ናት፤ ተጨንቃልኝ ወደ ወረቀቱ ተጠጋችና፣ «ያላየ—» ስትል አንድ ላይ ጩኸት ተነሳ።

«ሽሽሽ!»

ልጆቹ ናቸው። ሁሉም። ኑሕ ከፊታቸው ቆሞ እናቱን በቁጣ ያያታል። «እማዬ! ጣቷን አላነሳችም እኮ!»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ማንም አይስቅም። ማንም አላፈረልኝም። እነሱ ዕብራይስጥ ሲያነቡ የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት፤ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጣቴ ላይ ተክለው ይጠብቃሉ። ለእነሱ ንባብ ማለት ይኸው ነው፤ በጣት እየሄዱ፣ እየቆሙ፣ ላብ እያላባቸው። እንደ ውኃ ስል የሰሙኝን የጥንቱን ቃል እንዴት እንዳሰቡት እንጃ፤ ይህን ግን ያውቁታል።

«ያላየሁት» አልኩ።

እንዲህ እያልን ሄድን። «ከቤቴም ያላ... ወጣሁት... እንደሌለ ይ... ይቆ... ይቆጠር። ባለቤት አይኑረው። እንደ... ምድር...» የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ነበሩ የቀሩት። አንዱን ሁለት ጊዜ ሞከርኩት። አልሆነም። ሻማው ሊያልቅ ነው። ያን ጊዜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቴን አነሳሁ።

«ትቢያ!» አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ይህን ሲጠብቁ ነበር።

«ትቢያ ይሁን» ብዬ ጨረስኩ። እናቶቹ እልል አሉ። እማማ፣ «አሜን፤ እርሾም ቢሆን ቶሎ አይወጣም» አለች። ሶፊ ግን አሁንም አቀርቅራለች። ካንተ እናት ትበልጣለች ያለችውን እያሰበች ይሆናል። ልጠራት ስል በሩ ተደበደበ።

እትዬ ዘነበወርቅ ነበረች። ነጠላዋ እርጥብ ነው፣ አንድ እጇ ላይ የሳሙና ካርቶን፣ በሌላው ጃንጥላው። ያን ሁሉ ሰው በሻማ ብርሃን ስታይ ደነገጠች፤ ግን ከመናገር አላገዳትም።

«ትርንጎ! ይኼ ጃንጥላ ምን ዓይነት ጃንጥላ ነው?»

«እትዬ፣ ውስጡ...»

«ቆይ ልንገርሽ! ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ሰልፍ ይዣለሁ። ዝናቡ መጣ። ጃንጥላውን ብከፍተው ከላይ ዳቦ ወረደብኝ! አናቴ ላይ! በወረቀት ተጠቅልሎ! ከሰማይ ዳቦ የወረደው በሙሴ ዘመን ነው ሲባል ኖሬ፣ እኔ ዘነበወርቅ በጦር ኃይሎች አየሁት። ሰልፈኛው ሁሉ፣ እትዬ እስቲ ደግመው ይክፈቱት ይለኛል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ግድግዳ ይዞ ነው የቆመው። ሲችል፣ «እትዬ፣ ዳቦውን ምን አደረጉት?» አላት።

«ምን አደርገዋለሁ? ቀኑን ሙሉ ጾሜ ውያለሁ። ንጹሕ ዳቦ ከላይ ሲላክልኝ ልጣለው? አማትቤ በላሁት። ትንሽ ደርቋል።»

«እትዬ፣ የበሉት ትቢያ ነው!» አለ ኑሕ።

«ምን?»

«አሁን ተነቧል! እንደ ምድር ትቢያ ይሁን ተብሏል!»

እትዬ ዘነበወርቅ ካርቶኑን መሬት አስቀምጣ አፏን በነጠላዋ ጠረገች። መጀመሪያ መምህርን አየች፣ ከዚያ እኔን። «ትርንጎ፣ በልጅሽ ሞት። ምን እንደ በላሁ እስቲ አንብቢልኝ። ያኛውን የማይገባውን አይደለም፣ የሚገባውን።»

ሻማው አልቆ ስለ ነበር አምፖሉን አበራን። ወረቀቱን አነሳሁ። ይህን ጊዜ ማንም አላዘዘኝም፤ ጎረቤቴ ናት፣ የላባ ዕዳም አለብኝ። ጣቴን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አደረግሁና ጀመርኩ። «በእጄ ያለ... እርሾ ሁሉ...» ከቅድሙ ትንሽ ፈጠንኩ። በአምፖል ፊደሉም ትንሽ ወፍሯል። «ያላየሁት» ላይ አልቆምኩም። «እንደ ምድር» ካልኩ በኋላ ግን ያቺ ቃል እንደገና መንገዴ ላይ ቆመች። ልጆቹ ነግረውኛል፣ ላስታውሳት እችላለሁ፤ ግን ማስታወስ አልፈለግሁም። ፊደሎቿን አንድ በአንድ ላገኛቸው ጎንበስ አልኩ።

እትዬ ዘነበወርቅ ትዕግሥት የላትም። «እሱማ ትቢ—» ብላ ስትጀምር ሶፊ በመካከላችን ገባች። ላባው አሁንም በእጇ ነው። በላባው የእትዬን አፍ ነካ አደረገችው።

«እትዬ፣ ይጠብቁ» አለች። «እናቴ እያነበበች ነው። ጣቷን አላነሳችም።»